ሰባ የተጻፈበት ሁለት መቶ

ሰው ያልተሰጠው ነገር እምብዛም አያንገበግበውም፤ ሰጥተው የቆለፉበት ነው የሚያንገበግበው። ከአምስት ክፍል ቤታችሁ አንዱ ቢቆለፍባችሁ አራቱ ክፍት መሆናቸው ትዝ ይላችኋል? አይላችሁም፤ አትዋሹኝ። በቁልፉ ቀዳዳ ስታጮልቁ ነው የምትውሉት።

እኔ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 የሚባል ሰፈር ውስጥ ክሊም እጠግናለሁ። ክሊም ማለት ኤሲ ነው፤ በዚህ ሙቀት ደግሞ ኤሲ ማለት ነፍስ ነው። አንድ ርካሽ ኦሲሎስኮፕ አለኝ፤ ሐኪም ቤት የልብ ትርታ እንደሚያዩበት መሣሪያ፣ የኤሌክትሪክን ትርታ ስክሪን ላይ የሚስል። ፊቱ ላይ «70» ተጽፎበታል፤ እስከ ሰባ ሜጋኸርዝ፣ በሰከንድ ሰባ ሚሊዮን ትርታ ያያል ማለት ነው። በሰላም አብረን ስንኖር አንዱ ኢንተርኔት ላይ ጉዱን አወጣው። ለካ ሁለት መቶ የሚያየው ውዱ መሣሪያና የእኔው ምስኪን ሆዳቸው አንድ ነው! ልዩነቱ የተጫነባቸው ሶፍትዌር ብቻ ነው። ፋብሪካው መቶ ሠላሳውን ሰጥቶ ቆልፎብኛል! ደሜ ፈላ። መቶ ሠላሳ ሜጋኸርዝ ምን ያደርግልሃል ብትሉኝ፣ ምንም! ቢሆንም የእኔ ነው!

መክፈቻውን ከኢንተርኔት አውርጄ፣ በፍላሽ ገልብጬ በተዘጋጀሁበት ቀን የክሊም ቦርድ በፎጣ ጠቅልላ መሠረት መጣች። መሠረት ራስ ዲካ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። የሕፃኑን ክፍል ክሊም ባጸዳች ማግስት መሥራት አቆመ፤ ማዳም «ውኃ አስገብተሽ አቃጠልሽው፤ አሥር ሰዓት ስመለስ ካልሠራ ሻንጣሽን ያዢ» ብላታለች።

«ጋሼ፣ በእናትዎ ቶሎ ይዩልኝ።»

«ቁጭ በይ እህቴ። ዛሬ በሁለት መቶ ነው የማይልሽ!»

«በሰባው አይታይም?»

«ይሄ ለአንቺ አይገባሽም» አልኳት። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

እዚህ ከተማ ሰባት ሰዓት ሲሆን ጫት ከአገራችን ይገባል። ያን ጊዜ አለቃውም ተሸካሚውም እስሩን ይዞ ቤቱ ይገባና በሩን ዘግቶ ክሊሙን ይከፍታል፤ ከተማው በሙሉ፣ ባንድ ትንፋሽ። በዚያ ሰዓት መብራት እንደማይታመን ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔ ስንት ዓመት የኖርኩበት ሰውዬ ታዲያ ለሰባት አሥር ጉዳይ ላይ መክፈቻውን መሣሪያው ላይ መጫን ጀመርኩ! «እየተጫነ ነው፤ እንዳይጠፋ» የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ስልሳ በመቶ ላይ ሲደርስ ጫት የጫነው መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ ሰፈሩ ተጯጯኸ። ሰባ ላይ ሲደርስ መብራቱ ድርግም አለ። እኔ አላጠፋሁትም፤ ጅቡቲ ናት ያጠፋችው። ደግሞ እኮ መብራቱም ከአገራችን ነው የሚመጣው፤ ጫታችንና መብራታችን እዚህ ድረስ መጥተው ተላተሙና የእኔን ዕቃ ገደሉት።

መብራቱ ሲመለስ ሁለት መቶው ቀርቶ ሰባውም የለም፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ? ራሴን ይዤ ቀረሁ። መሠረትን «ነገ ነይ» ልላት አፌን ስከፍት፣ ቦርዷን አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ገለበጠችው። አሸተተችው።

«ጋሼ፣ ቴስተርዎን ያውሱኝ።»

ከቦርዱ ጀርባ አንዲት እንሽላሊት ሁለት ነጥቦች ላይ ተጋድማ ደርቃለች። «ውኃ አይደለም፤ ይቺ ናት ያገናኘችው። ፊውዙም ሄዷል» አለች። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ጠረገችው፤ ፊውዙን ነቅላ ሌላ ሰካች። ለዚህ ሰባም ሁለት መቶም አላስፈለጋትም፤ ዓይንና ቴስተር ብቻ።

«የት ተማርሽው?»

«ኮምቦልቻ፣ ቴክኒክና ሙያ። ሦስት ዓመት ኤሌክትሮኒክስ።»

እግዜር ያሳያችሁ! የማዳምን ካውያና መፍጫ ለጥገና እኔ ጋ ስታመላልስ ከርማለች፤ እኔ ደግሞ በመጣች ቁጥር ሶኬት እንዴት እንደሚሰካ ሳስተምራት ነው የከረምኩት። አፈርኩ። በጣም ነው ያፈርኩት።

ክሊሙ ከአሥር ሰዓት በፊት ሠራ፤ ሻንጣዋም ባለበት ቀረ። ኦሲሎስኮፑንም ከስንት መከራ በኋላ አስነሣሁት፣ ያውም በሁለት መቶ! ዓርብ የዕረፍቷ ቀን ነውና ልትጠይቀኝ ስትመጣ በኩራት ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን መብራት ለካሁላት። ሃምሳ ኸርዝ። ሜጋም የለው፣ ምንም የለው፤ ሃምሳ ብቻ።

ሳቋን ስትጨርስ «ለምን እኔ ጋ አትሠሪም?» አልኳት ከልቤ። «እዚያ ቤት እኮ እውቀትሽ ተቆልፎበት ነው ያለው።»

«እውቀቴ ብቻ መሰለዎት? ፓስፖርቴን ማዳም ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ዓመት አለፈው። የእሱ መክፈቻ ኢንተርኔት ላይ ካለ ይፈልጉልኝ።»

በመቶ ሠላሳ ሜጋኸርዝ ደሙ የፈላው ሰውዬ ኦሲሎስኮፑን መወልወል ጀመረ። ማዳም ደንበኛዬ ናት፤ አራት ክሊም አላት።

«ሻይ ልዘዝልሽ?» አልኳት።