ስለ ነብሮ ቀለብ የተሰጠ ውሳኔ

ናጂብ የሰደበኝ ካለፈው ረመዳን በፊት በነበረው ሁለተኛ ሐሙስ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ነው። ቦታው ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ የድርጅታችን መጋዘን በር ሲሆን፣ በሥፍራው ተገኝተው የሰሙት ሥራ አስኪያጁ አቶ ማህዲ፣ ምግብ አብሳይዋ ሀፊዛና ከበርበራ ጭነት ይዘው የመጡ ሁለት ሾፌሮች ናቸው። ላዩ ላይ የቬንቲሌተር ሥዕል ስላለ ቬንቲሌተር ብዬ ፈርሜ የተረከብኩት ካርቶን፣ ሲከፈት ክንፉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ናጂብ ጎንበስ ብሎ የካርቶኑን ጽሑፍ አየና «ሻኪር፣ አንተ እኮ የምታነበው ሥዕሉን ነው» አለ። ሾፌሮቹ ሳቁ። በሶማሊኛ ብሎት ቢሆን አልገባኝም ብዬ በክብር ባለፍኩት ነበር። ግን ናጂብ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል። ሒሳብ ሹማችን ነው፤ ዕድሜው ከእኔ በአስራ አራት ዓመት ያንሳል።

የትምህርት ደረጃዬን በተመለከተ ሐሜት እንዳይኖር እዚሁ ላይ ልግለጽ። ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ ድምሩ አስራ ሁለተኛ ነው። በዚህ ማዕረግ ስምንት ዓመት ንብረት ጠባቂ ሆኜ አገልግያለሁ።

ከዒድ በኋላ አላህ የክብር ማስመለሻ ሰበብ ላከልኝ። አቶ ማህዲ መጋዘኑን የሚጠብቅ የጀርመን ዘር ውሻ አስመጣ፤ ገና የአራት ወር ቡችላ ነው፣ ስሙ ነብሮ ተባለ። ቡችላው ግቢ በገባበት ሰዓት የድርጅቱ ሠራተኛ በሙሉ የሃይማኖት ሊቅ፣ ዓሊም ሆነ። የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ በአፈር ነው በውሃ የሚለው ሁሉ ከሾፌሩ እስከ ተላላኪው ተብራራ። ማብራሪያው ሲያበቃ ገመዱ እኔ እጅ ላይ ነበር። በሙሉ ድምፅ የውሻ ጉዳዮች ኃላፊ ሆንኩ፤ ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረም።

የሰው ልጅ ለሹመት ምን ያህል እንደተራበ የሚያውቀው ሲሾም ነው። ከልብሴ ሁሉ ለይቼ አንድ ጃኬት ለነብሮ ሥራ መደብኩ። ሰው ሲያልፍ ጮክ ብዬ «ሲት» እለው ጀመር። እሱ ባይቀመጥም ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር።

በሳምንቱ ዶክተር ሳጋል ልትከትበው መጣች። ጅግጅጋ ያደገች፣ ካርቱም የተማረች የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የበርበራ በጎች ያለ እሷ ፊርማ መርከብ አይሳፈሩም። ክትባቱን ወጋችና፣ መኪናዋ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቃት፣ በእንግሊዝኛ ሦስት መስመር ጻፈች።

«እስካሁን የበላው የሩዝና የፓስታ ትርፍራፊ ይብቃው፤ ከእንግዲህ የፋብሪካ ምግብ ይብላ። ምን ዓይነት እንደሆነ እዚህ ላይ አለልህ። ናጂብ ያንብብልህ» አለችኝ።

ይህን ባትል ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ። «ራሴ አነበዋለሁ» አልኳት።

አነበብኩትም። ከሦስቱ መስመር «ዶግ» የሚለውን ቃል ያለ ማንም እርዳታ ለየሁ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ የውጭ ዕቃ ከሚሸጠው ከቡራሌ ሱቅ ሄድኩ። እዚያ ያለው ከረጢት ሁሉ «ዶግ» ይላል። ምርጫው ሰፊ ነበር።

ቡራሌ ድሬዳዋ ነግዶ ያደገ፣ አማርኛ የሚያጣፍጥ ሽማግሌ ነው። ቡችላ የተሳለበትን ከረጢት አወጣልኝ።

«ግልገል ውሻ ያላቸው ፈረንጆች የሚወስዱት ይህን ነው።»

«ሐጂ፣ ቡችላ የሚያደርግ ምግብ ምን ይሠራልኛል? ቡችላነቱን በራሱ አግኝቶታል። እኔ የምፈልገው ትልቅ ውሻ የሚያደርገውን ነው» አልኩት።

ቡራሌ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየኝ። በዕውቀቴ መደነቁ መሰለኝ።

ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ ከረጢት አየሁ። የተሳለበት ውሻ አፉ ዙሪያው የሸበተ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ጡረታ እንደወጣ ጄኔራል ምንጣፍ ላይ ተንፈላሶ የተቀመጠ ነው። ዓይኑ ውስጥ እርጋታ አለ። ነብሮ ወደፊት እንዲህ ሆኖ በር ላይ ሲቀመጥ ታየኝ፤ እኔም አጠገቡ። ከረጢቱን ተሸክሜ ተመለስኩ።

በድርጅታችን ደንብ የመርፌ ግዢም ቢሆን በኮሚቴ ያልፋል። አቶ ማህዲ ሰብሳቢ፣ ናጂብ ጸሐፊ፣ ሀፊዛ የወጥ ቤት ተወካይ፣ እኔ ባለሙያ ሆነን ተቀመጥን። በበኩሌ፣ የእህል ነጋዴ በቆሎ እንደሚፈትነው፣ ከከረጢቱ አንድ ፍሬ አውጥቼ ጥርሴ መሀል አድርጌ ሰበርኩ።

«አስተግፊሩላህ» አለች ሀፊዛ። «ሻኪር፣ ምሳ አልበላህም እንዴ?»

«የጥራት ፍተሻ ነው።»

«ከረጢቱ ምን ይላል? እስቲ ልየው» አለ ናጂብ። እጁን ሰደደ፤ የውሻ ነገር መሆኑ ትዝ ሲለው ሰበሰበው።

ያ ሐሙስ ዓይኔ ላይ መጣ። ከረጢቱን አዙሬ የአረብኛውን ጽሑፍ ወደ እኔ አደረግኩ። ልጅ ሆኜ አራት ዓመት ቁርዓን ቤት ተምሬያለሁ፤ የአረብኛ ፊደል አንዱም አያመልጠኝም። ትርጉሙን ማንም አላስተማረኝም፤ ይህን ደግሞ የጠየቀኝ የለም። ጉሮሮዬን ጠርጌ ከላይ እስከ ታች፣ መሳቡን እየሳብኩ፣ ማጥበቁን እያጠበቅኩ ወረድኩት። አቶ ማህዲ ሳያስበው ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ቁርዓን አስመሰልከው እኮ፤ ተው ይህ ነገር ያስፈራል» አለች ሀፊዛ በሹክሹክታ።

አቶ ማህዲ ብዕሩን አነሳ። «ጥሩ ነው። ዋናው ነገር ይዘቱ የተሟላ መሆኑ ነው» አለ። እሱም እንደ እኔ አረብኛ የሚያውቀው ለሶላት ነው። ናጂብ ለሶላትም እየተኮላተፈ ነው። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ የጠየቀ ሰው አላውቅም ማለቱ ነውና። ናጂብ በቃለ ጉባኤው ላይ «የምግቡ ምንነት በንባብ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈ። እጁ ሲጽፍ አየሁት። ሌሊቱን ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ምግቡን ከአይጥ ለመከላከል በርሜል ውስጥ ገለበጥኩት፤ ባዶውን ከረጢት መጋዘን አስገባሁ። ሥራዬንም በዚህ አላበቃሁም። ትልቅ ውሻ ትልቅ አጥንት ይፈልጋል የሚል ሐሳብ በራሴ ደረስኩበትና፣ የግመል አጥንት አስፈጭቼ በየቀኑ እፍኝ ሙሉ ጨመርኩለት። ከፋርማሲ ደግሞ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውን የካልሲየም ኪኒን ገዛሁ። ሻጯ «ባለቤትህ ስንት ወሯ ነው?» ስትለኝ «አምስት» አልኳት። ነብሮ በዚያ ሰሞን አምስት ወሩ ነበር።

በሁለተኛው ወር የጎን አጥንቱ ይቆጠር ጀመር። ቀጥሎ የፊት እግሮቹ እንደ ቅንፍ ወደ ውጭ ጎበጡ። ሲሄድ ያነክሳል። በር ላይ ሰው ሲመጣ ለመጮህ ይነሳና፣ መነሳቱ ራሱ ስለሚያደክመው መጮሁን ይተወዋል። አቶ ማህዲ «ምን ሆነ?» ሲለኝ «የጀርመኖች አረማመድ ነው» አልኩት። ይህን ባልኩ ማታ ነብሮ ወደ እኔ ሊመጣ ሲል ወደቀ። ተነስቶ ጅራቱን ቆላ። እኔ የሹመት ጃኬቴን አወለቅኩና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የእግሩን አጥንት በእጄ ዳሰስኩት፤ ሙቅ ነበር፣ ስነካው ያቃስታል። ያን ጊዜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ ወደ ዶክተር ሳጋል ደወልኩ።

በማግስቱ መጣች። ሁላችንም ከበን ቆምን። እግሮቹን ነካ ነካ አደረገችና «ምንድን ነው የምታበሉት?» አለች። ባዶውን ከረጢት አመጣሁላት። በአረብኛ በኩል ያዘችውና፣ ያለ አንዳች ዜማ፣ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችው።

«ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት ላለፈ፣ እንቅስቃሴያቸው ለቀነሰና ክብደት መቀነስ ለሚያስፈልጋቸው ውሾች።»

አቶ ማህዲ ወደ ሰማይ አየ። ሀፊዛ የእኔን ቦርጭ አየች።

«እሱስ ሲቀምሰው ተስማምቶት ነበር» አለች።

«የእኔ ወረቀትስ?» አለች ሐኪሟ።

ከኪሴ አወጣሁት። በእጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ወደ እሷ ስዘረጋ ናጂብ ቀድሞ ተቀበለኝ፤ የውሻ ፀጉር ነበረበት፣ አላራገፈውም። አነበበው።

«ለሚያድግ፣ ለትልቅ ዝርያ ቡችላ የሚል ምግብ ግዙ። የጎለመሱ ውሾች ምግብ አይሁን። አጥንትም ካልሲየምም አትጨምሩበት፤ እግሩን ያጎብጠዋል።»

ማንም አልሳቀም። እንዲስቁ ስጠብቅ ነበር። ለሳቁ የሚሆን መልስ አምስት ወር ሙሉ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ፤ በአልጋዬ ላይ፣ በሚኒባስ ውስጥ፣ አንዳንዴም ሶላት ላይ። ስለ ትናንት ልጆች የሚል አለ፣ ስለ ዲፕሎማና ስለ አስተዳደግ የሚል አለ፣ አንዱማ ግጥም ነው።

ዶክተር ሳጋል፣ ነብሮ ገና ልጅ ስለሆነ በትክክለኛው ምግብ ሊቃና እንደሚችል፣ ላይቃናም እንደሚችል ተናገረች። «ቶሎ ከሆነ» አለች። «ከወር በፊት ቢሆን እርግጠኛ ሆኜ እነግራችሁ ነበር።»

ናጂብ ወረቀቱን በእጥፋቱ አጠፈው። ሥራ አስኪያጁ እንዳይሰማ ወደ እኔ ቀረበ። በስምንት ዓመት ውስጥ ብሎኝ በማያውቀው አጠራር ጠራኝ።

«ጋሽ ሻኪር፣ ለምን አላሳዩኝም? አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ አነብልዎት ነበር።»

መልሶቼን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ሁሉም ለስድብ የተሰፉ ናቸው፤ ለዚህ ጥያቄ ልክ የሚሆን አንድም የለም። ገመዱን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ያዘው። ነብሮ ሊከተለኝ ተነሳ፣ ሁለት እርምጃ ሞከረና ናጂብ እግር ሥር ተቀመጠ። እኔ በሩን ከፍቼ ወደ ጋአን ሊባህ፣ ወደ ቡራሌ ሱቅ ሄድኩ።