ደስ እንዳለሽ

እኛ ሐበሾች ከሥጋ ጋር ያለንን ነገር ለባዕድ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ቁርጥ የሆነ እንደሆነ፣ እሳት የሚባል ነገር በሩቁ እንኳ ያላየውን ሥጋ አዋዜ እያጠቀስን እናወርደዋለን፤ አልፎ ተርፎም «ዛሬስ ቅቤ ነው!» ብለን ቆራጩን እንመርቀዋለን። ያው ሥጋ ተጠብሶ በሳህን ቀርቦልን፣ በቢላ ስንከፍተው ውስጡ ትንሽ ቀላ ካለ ግን ጉድ ፈላ! «ኧረ ይሄ ነገር አልበሰለም» ብለን አስተናጋጅ እንጠራለን። ጥሬውን አንፈራም፤ የበሰለውንም አንፈራም፤ የምንፈራው መሐል ላይ ያለውን ነው። እናንተ እንደዚህ ካልሆናችሁ እሰየው። እኔ ግን ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ስለ ሥጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የእኔ ችግር በንግግርም እንዲሁ መሆኔ ነው። የልቤን ጥሬውን አውጥቼ አልናገር፣ አብስዬም አላቀርብ፤ መሐል ላይ እንዳንጠለጠልኩት ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ደረሰ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኛ ጴንጤዎች ደግሞ ብቅል አንነካም። ስለዚህ የሆዳችን ነገር እዚያው ሆዳችን ውስጥ ያረጃል።

እንግዲህ የዚያን ጊዜ ሮምሶስ ነበርኩ፤ ከእነዚያ ከኦስሎ ዳር ጫካ ውስጥ ከተተከሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ከነማብሰያዋ ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ሥራዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ፣ የዱሮ ታሪክ አዳምጣለሁ። ሊያን የተዋወቅኋት በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ነበር። እዚሁ ኦስሎ የተወለደች፣ ፊዚዮቴራፒ ተምራ ሥራ የጀመረች፣ አማርኛዋን ከእናቷ ከእትዬ አስካለ፣ የቀረውን ሁሉ ከኖርዌይ የወሰደች ልጅ ናት። ሁለት ዓመት አብረን ነበርን። ሁለት ዓመት ሙሉ «እወድሻለሁ» ብያት አላውቅም፤ «ኮትሽን ዝጊ፣ ብርድ ነው» ግን ስንት ጊዜ እንዳልኳት ቁጥር የለውም።

አንድ የሰኔ እሁድ፣ ከአምልኮ በኋላ ወደ ባቡር ጣቢያው ስንወርድ፣ ሊያ ቆም አለች። ከትሮምሶ ሥራ አግኝታለች። ትሮምሶ ማለት እዚያ የምድር ጫፍ፣ በበጋ ፀሐይ የማትጠልቅበት፣ በክረምት የማትወጣበት አገር ነው። ሥራው ደግሞ ቋሚ፣ መቶ ፐርሰንት። እዚህ አገር ሥራ የሚሰጠው በፐርሰንት ነው፤ ሊያ ኦስሎ ውስጥ የነበራት አርባ ፐርሰንት ብቻ ነበር። አርባ ፐርሰንት ሥራ ያለው ሰው ስልሳ ፐርሰንቱን ስልክ ሲጠብቅ ይውላል።

«የነገ ሳምንት ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ» አለችኝ። «አንተ ምን ትላለህ? ልሂድ?»

«አትሂጂ» የሚለው ቃል ከሆዴ ተነሣ። እውነቴን ነው፣ ሲነሣ ተሰምቶኛል። ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። እዚያ ላይ ጨዋነት የሚባል ዘበኛ ቆሞ ጠበቀውና መለሰው። የሰው ልጅ እንጀራ ልዘጋ ነው? እኔ ማን ነኝና? ስለዚህ በሙሉ አክብሮት፣ ፈገግ ብዬ፣ «ደስ እንዳለሽ» አልኳት።

ይህ ቃል እኔ ባደግሁበት ቤት ትልቅ ቃል ነው። አባቴ እናቴን «ደስ እንዳለሽ» ሲላት ምርጫሽ ምርጫዬ ነው፣ ከፊትሽ አልቆምም ማለቱ ነበር፤ እናቴም የዚያን ቀን ቤቱን ስትዞር ደረቷን ነፍታ ነበር። እኔም ያንኑ ለሊያ መስጠቴ ነው። ሊያ ግን አንድ ጊዜ አየችኝና «ኦከይ» አለች። ባቡሩ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ የምትልክልኝ መልእክት ከሁለት ቃል አልበለጠም።

ሐሙስ ላይ ነገሩ እንደተበላሸ ገባኝ። ምኑ ላይ እንደተበላሸ ግን አልገባኝም። በአፌ ያቃተኝን በመጥበሻዬ ልሞክር አልኩና ለቅዳሜ ራት ጠራኋት።

ሊያ አንድ የምታነሣው ምግብ ነበራት። ተማሪ ሳለች የእስያ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ታጥብ ነበር፤ ሥራውን የለቀቀች ቀን ባለቤትየዋ ወጥ ቤቱ ውስጥ አስቀምጠዋት፣ በዝንጅብልና በቅቤ በታሸ ኑድል ላይ ስቴክ ቆራርጠው አበሏት። «ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ በልቼ አላውቅም» ትላለች፤ ስትናገረው ዓይኗ ራቅ ብሎ ይሄዳል። እንግዲህ ያንን ነው የምሠራው አልኩ። ልብ በሉ፣ እኔ እስከዚያ ቀን የማውቀው ፓስታና የተቀቀለ እንቁላል ነው።

የስደተኛው ገበያ ወዳለበት የኦስሎ ሰፈር፣ ግሮንላንድ፣ ወረድኩና ሥጋ ሻጩን «ስቴክ» አልኩት። አዲስ አበባ ሆቴል ገብታችሁ ስቴክ ብትሉ የሚመጣላችሁ ይታወቃል። ሰውየው ወደ ውስጥ ገባና ሕፃን ልጅ የሚያህል ብልት ታቅፎ መጣ። «ለስንት ሰው ነው?» አለኝ። ለሁለት አልኩት። ሰውየው እኔን አየ፣ ብልቱን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ለካ ኖርዌጂያኖቹ ስቴክ የሚሉት ለበዓል ሙሉውን ምድጃ የሚገባውን ነው፤ የእኛን ስቴክ ቢፍ ነው የሚሉት። ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ይህን አለማወቄን አሰብኩና በቃላት ነገር ምን ያህል እንደምታመን ተገረምኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ሕልም ሕልም ይለኛል። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ። ጫካው ታች ተኝቷል፤ ብርሃኑ ደግሞ ዝም ብሎ ቆሟል፣ የሰኔ የኦስሎ ብርሃን፣ የትም የሚሄድበት የሌለው። ሥጋው ከፍሪጅ ወጥቶ ጨው ተነስንሶበት ይጠብቃል። ዝንጅብሉን እየላጥኩ ጠፋሁ። በሐሳብ ማለቴ ነው። ሊያና እኔ አርጅተናል፤ እኔ የምሠራበት መጦሪያ ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ አንድ ደግ ወጣት ስቴኩን ፈጭቶ በማንኪያ ያበላናል፤ ሊያም «ያ ቅዳሜ የሠራኸው ይሻል ነበር» ትለኛለች። ደስ አለኝ። እውነት እውነት እላችኋለሁ፣ የተፈጨ ሥጋ እያየሁ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዝንጅብሉ ከእጄ አምልጦ ሲወድቅ ነው የነቃሁት።

ቅቤው ሲንጫጫ ሥጋውን ጣል አደረግሁ። ቤቱ በአንዴ ሸተተ፤ እንዴት ያለ ሽታ! ነጭ ሽንኩርቱን ወረወርኩ፣ ቅቤውን በማንኪያ እየቀዳሁ አናቱ ላይ መለስኩ። ቴርሞሜትር ገዝቼ ነበርና ወጋሁት። በሥራዬ የስንት ሰው ትኩሳት ለክቻለሁ፤ ሃምሳ አራት ዲግሪ ገብቶ ደህና ነው ያልኩት ግን ይህን ብቻ ነው። ከዚያ መመሪያው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሥጋውን አሥር ደቂቃ ያሳርፉት።» በዚህ አገር ሥጋ እንኳ የዕረፍት ሰዓት አለው።

ሊያ አሥራ አንድ ሰዓት ከተባለች አሥራ አንድ ሰዓት ናት። እኔ ደግሞ የሐበሻ ግማሽ ሰዓት ጨምሬ ስላሰብኩ፣ ስትገባ ኑድሉ ገና ውኃ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ቆማ አሸተተች። ኮቷን ሳታወልቅ መጥታ ድስቱን አየች፣ መጥበሻውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እንዴት አስታወስከው?»

«ጨው ያንስ ይሆናል» አልኩ። አያችሁልኝ?

ቀረበ። ሊያ ሥጋውን በቢላ ከፈተችው፤ ውስጡ ቀላ አለ። እኔም ከወንበሬ ብድግ ብዬ «ልመልሰው?» አልኩ። በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ኔይ! ኧረ አይሆንም! እንደዚህ እኮ ነው የሚበላው!» ኑድሉን በሹካ እየጠቀለለች በላች፣ ዓይኗን ጨፍና በላች። ቬልዲግ ጎት አለች፣ በጣም ይጣፍጣል። እኔ ደግሞ በየመሐሉ «አትሂጂ» ልላት አፌን እከፍታለሁ፣ ቃሉ ሲመጣ ውኃ እቀዳላታለሁ። ሦስት ብርጭቆ ጠጣች ምስኪን።

ሳህኗ ባዶ ሆነ። ኑድሉን አንሥቼ ልጨምርላት ተንደረደርኩ።

«ኔይ ታክ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ምን በላሽና! ትንሽ ጨምሪ እንጂ።»

«በቃኝ፣ እውነቴን ነው።»

«በሞቴ!»

«ኧረ በቃኝ…»

«አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» አልኩና ሞልቼ ገለበጥኩላት። አስቡት፣ እዚህ አገር «ኔይ ታክ»፣ አይ አመሰግናለሁ፣ ካልክ አለቀ፤ ሳህኑ ይነሣል፣ አንተም እየራበህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ደጉ ባህላችን ግን እንግዳን በመጀመሪያው ቃሉ አያምነውም። በዚህ ረገድ እኔ ጀግና ነኝ።

ሊያ ሹካዋን አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ለኑድሉ ሦስት ጊዜ ለመንከኝ» አለች። «እኔ እንድቀር ግን አንድ ጊዜም አልለመንከኝም።»

እኔም ስለ አክብሮት፣ ስለ እንጀራዋ፣ ስለ አባቴ ተንተባተብኩ፤ «ደስ እንዳለሽ ያልኩሽ እኮ መንገድሽን ላለመዝጋት ነው» አልኳት።

«ደስ እንዳለሽ?» አለች። «እማዬ ደስ እንዳለሽ የምትለኝ ስትቆጣኝ ብቻ ነው! በአሥራ ስድስት ዓመቴ ጸጉሬን ላጨው ስላት፣ ደስ እንዳለሽ ብላ በሩን ዘጋችው። ደስ እንዳለሽ ማለት… ተስፋ ቆርጫለሁ፣ የራስሽ ጉዳይ፣ ማለት አይደል እንዴ?»

እናንተዬ! ይኼን ምን ትሉታላችሁ? እኔ ትልቁን ቃል ሰጠኋት ብዬ ሳምንቱን ስኮራ፣ ለካ እሷ በሩ ሲዘጋባት ነው የሰማችው። ሁለታችንም ያወራነው አማርኛ ነው። ሁለታችንም ትክክል ነን። ቃሉን እኔ ከአባቴ ፈገግታ ጋር ነው የተማርኩት፣ እሷ ከእናቷ ቁጣ ጋር። ሐበሻ በቋንቋ ይግባባል ያለው ማነው?

«ስለዚህ ልትሄጂ ነው?» አልኩ።

«ማን ቅሪ አለኝ?»

እንግዲህ ዘበኛው እንደ ልማዱ ከጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። እንደምንም ገፍትሬው አለፍኩ።

«አትሂጂ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ኔይ» አለች፣ ሳህኑን እያየች።

ዘጠኝ ዓመት በዚህ አገር የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ኔይ ማለት ኔይ መሆኑን ነው። ማዘጋጃ ቤቱም፣ አለቃዬም፣ ባንኩም በዚህ አስተምረውኛል። ልነሣና ሳህኑን ላጥብ ትንሽ ቀረኝ። ግን ደግሞ አየኋት። የእትዬ አስካለ ልጅ ናት። ማዕድ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አላነሣችም፤ ሹካዋንም አልለቀቀችም።

«በሞቴ፣ ሊያ፣ አትሂጂ።»

«ኔይ አልኩ እኮ…» አለች፣ ከበፊቱ ቀስ ብላ።

«አፈር ስሆን! ቅሪ! ደስ እንዳለሽ አይደለም፤ እኔ ደስ እንዲለኝ ቅሪ። እወድሻለሁ። ከሄድሽ እኔ እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ? ስልሳ ፐርሰንቱን አብረን እንፈልገዋለን፤ ካልተገኘም እኔ እመጣለሁ፣ ትሮምሶም ቢሆን ሽማግሌ አይጠፋም፤ አጥባለሁ፣ አበላለሁ! ግን አሁን አትሂጂ!»

በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር አድርጌ አላውቅም። ሊያ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ስለነበር አልለየሁትም። ከዚያ ሹካዋን አነሣች፣ ኑድሉን ጠቀለለች፣ ወደ አፏ ከመክተቷ በፊት፣ የእናቷ ማዕድ ላይ እንግዳ ሁሉ ተለምኖ ተለምኖ ሲሸነፍ የሚላትን አለችኝ።

«እሺ… ትንሽ ብቻ።»

ሰኞ ጠዋት ትሮምሶ ደወለችና ኔይ አለቻቸው፤ እነሱም እንደ አገራቸው ደንብ ሁለተኛ አልለመኗትም። አርባው ፐርሰንት በመከር ሰባ ሆነ፣ ከዓመት በኋላ መቶ ሞላ። «ትንሽ ብቻ» ያለችው ደግሞ ይኸው አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። እየበላ ያለ ሰው ይህ አይጠየቅም።