አብሽ ብላለች

[ሐይቅ ከተማ፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ረመዳን፣ አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው። መብራት የለም። ኔትወርክም ሲፈልግ ብቅ ይላል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ሙአዊያ አዲስ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ አንድ ትልቅ ድስት አብሽ በማማሰያ ይመታል። ሳዑዲ፣ ሪያድ ከተማ በአንድ የቀለም ፋብሪካ ውስጥ በርሜል ሲያማስል ከርሞ ስለመጣ የማያውቀው ነገር የለም። ጠይቁት ብቻ! ባትጠይቁትም ይነግራችኋል። የአክስቱ ልጅ ሐቢብ ደግሞ "ነገር ቶሎ አይገባውም" እየተባለ ያደገ ምስኪን ነው። ከገባ ጀምሮ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ይከፍታል፤ ማን አስጨርሶት!]

ሐቢብ፦ ኧረ ስማኝማ! ሰሚሃ ናት የላከችኝ። አብሽ...

ሙአዊያ፦ አብሽ ብላለች! አውቃለሁ አልኩህ እኮ! በስልክ ራሷ ነግራኛለች። "ሙአዊያ፣ አባቴ... አብሽ..." አለችና መስመሩ ተቆረጠ።

ሐቢብ፦ እኮ ተቆረጠ! ቀሪውን...

ሙአዊያ፦ ቀሪውን እኔው ጨርሼዋለሁ። ጭንቅላት ለምን ተፈጠረ? ትናንት እሷን ለማግባት ሽማግሌ ላክሁ። ዛሬ "አባቴ፣ አብሽ" አለች። በቃ! አባቷ ሸህ አብዱልሃሚድ መልሱን ሊነግሩኝ እዚህ መጥተው ነው የሚያፈጥሩት፤ ማፍጠሪያቸውም አብሽ ነው። አብሹ ካላማረ ሰሚሃ የለችም!

ሐቢብ፦ እሳቸው እኮ አብሽ አይ...

ሙአዊያ፦ አይጠግቡም! አውቃለሁ! ያዝ ድስቱን!

[ሐቢብ ድስቱን አቀፈ። ምን ያድርግ!]

ሐቢብ፦ ወፍሯል። ውሃ ልጨምርበት?

ሙአዊያ፦ እጅህን ሰብስብ! ይሄ እኮ ፖሊመር ነው!

ሐቢብ፦ ፖሊስ? የት? [ድስቱን ለቀቀ]

ሙአዊያ፦ ያዝ አንተ! ፖ-ሊ-መር! ዓይን የማያየው ረጅም፣ ረጅም ክር ማለት ነው። አብሹ ውስጥ ሞልቷል። ዝም ስትለው ይጠቀለልና እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ይወፍራል። ስታማስለው ይዘረጋና በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል፤ ይቀጥናል። ማማሰሉን ስትተው ተመልሶ ይያያዛል።

ሐቢብ፦ [እያሰበ፤ ሲያስብ ግንባሩን ያልበዋል] እንደኛ በለኛ! ያኔ ወደ ደሴ ስንሸሽ ሙስሊም የለ፣ ክርስቲያን የለ፣ ፍየሉም ፍራሹም አንድ አቅጣጫ ይዞ ተሰልፎ። ስንመለስ ደግሞ ይኸው፣ ተያይዘን ቁጭ!

ሙአዊያ፦ ወላሂ ገብቶሃል! በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባህ!

ሐቢብ፦ አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ያኔ ማማሰያውን የያዘው ማን ነበር?

ሙአዊያ፦ [በሩን ዞር ብሎ አየና] እሽሽ! እኛ የምናወራው ስለ አብሽ ነው!

[ይባስ ብሎ በኃይል መምታት ጀመረ።]

ሐቢብ፦ ሙአዊያ፣ እየወጣ ነው።

ሙአዊያ፦ ምኑ?

ሐቢብ፦ አብሹ። ማማሰያውን ይዞ ሽቅብ እየመጣ ነው።

ሙአዊያ፦ ይመጣል እንጂ! ክሩ ሲወጠር ማማሰያውን ይጠመጥመዋል፤ እንደ መቀነት ጥብቅ ሲያደርገው መሄጃ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል። ሳይንስ ነው!

ሐቢብ፦ ሳይንሱ ክንድህ ላይ ደረሰ።

ሙአዊያ፦ ይድረስ! ፈጠን ባልኩ ቁጥር... ኡኡ! ጀለቢያዬን!

[ድስቱ ተንሸራተተ። ግማሹ አብሽ ሙአዊያ ደረት ላይ ነው።]

ሐቢብ፦ አብሽር! አብሽር ወንድሜ!

ሙአዊያ፦ አብሽ መሆኑን መች አጣሁት? ደረቴ ላይ ነው እኮ!

ሐቢብ፦ አብሽ መች አልኩ? አብሽር! አይዞህ! እሷም ያለችው ይህንኑ ነው!

[ሙአዊያ ማማሰያውን አስቀመጠ።]

ሙአዊያ፦ መጨረሻው ላይ... "ር" አለበት?

ሐቢብ፦ አለበት እንጂ! "አብሽር በለው፣ አባቴ እሺ ብሏል፤ ሽማግሌዎቹን ይዞ እኛ ቤት መጥቶ ያፍጥር" ብላ ነው የላከችኝ። ሽማግሌዎቹ ሄደዋል፤ አንተን ነው የሚጠብቁት። ሸሁ ደግሞ አብሽ ሽታውንም አይወዱም!

ሙአዊያ፦ ያ ረቢ! አዛን ሊል ነው! እስካሁን ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ ደደብ?

ሐቢብ፦ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ታማስለኛለህ! ክሩ የሚያያዘው ሲያርፍ ነው አላልክም? አንተ መች አረፍክና ነው የኔ ወሬ የሚያያዝ?

ሙአዊያ፦ [ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣበት] እሺ አሉ? እውነት ሸሁ እሺ አሉ? ና ልሳምህ!

ሐቢብ፦ ልቀቀኝ፣ ተጣበቅን! ሩጥ!

[ሙአዊያ የአብሽ ክር ከኋላው እየጎተተ ተፈተለከ። አዛን አለ። ሐቢብ "ቢስሚላህ" ብሎ ከተረፈው አብሽ ተጎነጨ። መቼም እውነት ለመናገር ጥሩ አብሽ ነበር። ሙአዊያ ረስቶት የሄደው ስልክ ጮኸ።]

ሐቢብ፦ ሃሎ፣ ሰሚሃ! ወጥቷል! እየፈሰሰ ነው የሚመጣልሽ! አዎ፣ ዛሬ ገና እንደ አብሹ ክር ቀጥ አለ! ኧረ ምንም አልሆነም፤ አንቺም አብሽ... ሃሎ? ሃሎ!

[መስመሩ ተቆርጧል። ሐቢብ ስልኩን አየ፣ ድስቱን አየ፣ ጭንቅላቱን ያዘ።]

ሐቢብ፦ ወይ ጉድ! አሁን ደግሞ እነሱ ቤት አብሽ መምታት ሊጀመር ነው!