ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ስፌት ማሽኔ ላይ እንዳለሁ ሕልም አየሁ።

የልብስ ፋብሪካችን የሰው ኃይል ኃላፊ አቶ ሸዋንግዛው ማመልከቻ ይዘው ከፊቴ ቆመዋል። እኔ በእሳቸው ወንበር ላይ ተንሰራፍቼ ማኅተም አገላብጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ የጾመኞች ምሳ ከስድስት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይዛወርልን ብዬ ሦስት ጊዜ ባመለክት፣ ሦስቴም «ነገ ተመለሺ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

«እሜቴ ጥሩወርቅ፣» አሉ አንገታቸውን ደፍተው፣ «አንድ ጉርሻ ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ።»

«ነገ ተመለስ!»

አለቀሱ። ከኋላቸው የተሰለፉት አለቆችም አለቀሱ። ማሽኖቹ ሥራ ትተው ይሰግዱ ነበር፤ አንዱ አሮጌ ማሽን ጉልበቱን አሞት ተቀምጦ ነው የሚሰግደው።

ወዲያው ራሴን በር ላይ አገኘሁት። ፈታሿ ጥቁር ላም ናት። የጥበቃ ኮፍያ ደፍታ የሰውን ሁሉ አፍ ታሸታለች።

«ወተት የቀመሰ አያልፍም!»

«በሩ ወዴት ነው የሚያስገባው?» አልኳት።

«እናትሽ ዘንድ ነዋ።»

እናቴ ከገና ጀምሮ አልጋ ላይ ናት። እንድትነሣልኝ ብዬ ሁዳዴን አንድም ቀን ሳልገድፍ ልጾም ተስያለሁ። ትናንት አርባኛ ቀኔ ነበር። በበሩ ክፍተት አየኋት። አልጋዋ ላይ ቀና ብላ አንድ እግሯን መሬት አስነክታለች።

«ነይ እንጂ ልጄ፣ ነጠላዬን አቀብዪኝ» አለችኝ።

ያለ ፍርሃት አፌን ከፈትኩ። ላሟ አሸተተችኝ። ደግማ አሸተተችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

«ኧረ በእመቤቴ፣ አልቀመስኩም!»

«የገዛ ወተቴን አላጣውም፣ እህቴ።»

በሩ ተዘጋ። እናቴን ተጣራሁ፤ ድምፄ አልወጣም።

ስነቃ የፋብሪካው ክሊኒክ ውስጥ ነኝ። ነርሷ አንገቴን ደግፋ ኩባያ ከንፈሬ ላይ ይዛለች። «ጠጪ የኔ እናት፣ ስኳር አለው። ማሽንሽ ላይ ወድቀሽ እኮ ነው።» አፌ ውስጥ ትኩስ ወተት ነበር፤ የቀረው ወርዷል። ከጎኔ የምትሰፋው ራህመት በሩ ላይ ቆማ «ጾመኛ ናት አልኳችሁ! አልኳችሁ እኮ!» እያለች ታለቅሳለች።

አቶ ሸዋንግዛው ከእግርጌዬ ቆመው ፈገግ አሉ።

«አይዞሽ፣ ማመልከቻሽን አሁን ፈረምኩልሽ። ከሰኞ ጀምሮ ምሳችሁ በዘጠኝ ነው።»

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ነበር።