አንጸባራቂዬና የትራፊኩ ሞተር

በክርክር መሸነፍስ ይለመዳል፤ ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አስቸጋሪው ማሸነፍ ነው። በተለይ እንደ እኔ ቃል የሚቆጥብ ሰው ድንገት ሲያሸንፍ፣ ድሉን የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ይገባዋል።

ነገሩ የብስክሌት ነው። ፈረስ መጋላ ገበያ ልብስ እሰፋለሁ፤ ቤቴ ከቁልቁለቱ ማዶ፣ ሐኪም ጋራ ነው። ዳገቱን እኔ ብስክሌቴን እገፋታለሁ፣ ቁልቁለቱን እሷ ትሸከመኛለች፤ ተስማምተን ኖረናል። ያልተስማማችው ባለቤቴ ጽጌ ናት።

«አንተ ሰውዬ፣ በጨለማ ያለ መብራት ስትመጣ ባጃጅ ይጨፈልቅሃል! አንድ ቀን ትራፊክ ይያዝህ ብቻ፣ ለቆራሌው ነው የምሰጣት።»

መብራት አልገዛም፣ አልኩ። ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ አለቻት፤ ባትሪ አትጠይቅ፣ አትቃጠል። ማታ በከተማችን የሚያልፈውን ጅብ አይታችሁት የለ? የመኪና መብራት ሲያርፍበት ዓይኑ እንዴት ቦግ ይላል! ታዲያ ጅብ ፋኖስ ይዞ ያውቃል?

አንድ ምሽት፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ አንድ ትራፊክ በሞተር ከኋላዬ መጥቶ ለጥቂት ሳይገጨኝ ቆመ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው።

«አባባ፣ መብራትዎስ?»

አንጸባራቂዋን አሳየሁት።

«ሕጉ መብራት ነው የሚለው።»

የጅቡን ነገር አስረዳሁት።

«ጅብን ማን ይከሰዋል፣ አባቴ?» ብሎ ሳቀ። «ደግሞ አንጸባራቂዋም አላበራችም። ከኋላዎ ስመጣ ምንም አላየሁም። ብስክሌቷ ጣቢያ ታድራለች።»

ጣቢያ ካደረች ጽጌ ሰማች፤ ጽጌ ከሰማች ቆራሌው መጣ። ሕጉን ማንበብ አልችልም፤ ሞተሩን ግን ማየት እችላለሁ። ከፊቱ ጭል የሚል ነገር የለም።

«ልጄ፣ አንተ ምን አብርተህባት ነው እሷ የምታበራው?»

ጎንበስ ብሎ አየ። ማብሪያውን ቀጭ፣ ቀጭ አደረገ። ምንም።

«ተቃጥሏል ለካ…» አለ። ወዲያና ወዲህ ተገላምጦ፣ «ይሂዱ አባባ፣ ይሂዱ» አለኝ።

አሸነፍኩ! ደረቴን ነፍቼ ቁልቁለቱን ወረድኩ። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ያዝኩ።

ቆይ እስቲ። እሷ የምታበራው የሚመጣው ሲያበራ ነው። ሕጉ ራሱ በጨለማ ሲመጣ ካየሁ፣ ባጃጁማ ምን ሊሆን ነው? ለካ የረታሁበት ነገር ሊገድለኝ የነበረው ነው።

ከብስክሌቷ ወርጄ እስከ ቤቴ እየገፋኋት ሄድኩ። በማግስቱ መብራት ገዛሁ፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ።

«ትራፊክ ያዘህ አይደል?» አለች ጽጌ።

«ያዘኝ። ረታሁት።»

«ከረታኸውማ ይሄ ሁሉ መብራት ምንድን ነው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? መብራቱን አሰርኩ።

አንጸባራቂዋን ግን አልነቀልኳትም። ያ ልጅ የሞተሩን መብራት ያስጠገነ ዕለት፣ ትክክል እንደነበርኩ በዓይኑ ያያል።