ማን ሞቶ ነው የምትሮጠው?

ጎልማሳ ሰው ዝም ብሎ መሮጥ የለበትም። "ለጤናዬ ነው" የሚል ካለም ምክንያቱን ደረቱ ላይ ጽፎ ይሩጥ። ይህን የምለው ስፖርት ስለምጠላ አይደለም። (እጠላለሁ፤ ግን ለእሱ ብዬ አይደለም።) የገጠመኝን ስሙና ፍረዱ።

ባለቤቴ ማርታ ስትናደድ ጀምሬ የተውኳቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ትዘረዝርልኛለች፦ ጣሪያ ያልወጣለት የዶሮ ቤት፣ በሁለተኛው ቀን የቀረ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት፣ አንድ መዝሙር ላይ የቆመ ጊታር... ስልኬ ላይ የጀማሪዎች የሩጫ ፕሮግራም ስጭን ደግሞ ገና አንድ እርምጃ ሳልሮጥ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባችው። እልህ ያዘኝ። ፕሮግራሙ ዘጠኝ ሳምንት ነው። አንድ ደቂቃ ሩጥ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመድ እያለ ያባብላችሁና በመጨረሻው ቀን ሠላሳ ደቂቃ ሳትቆሙ ሩጡ ይላል። ከቆማችሁ አልጨረሳችሁም።

ሌላውን ሁሉ ሶዶ ውስጥ ጎህ ሲቀድ ተደብቄ ሮጥኩት። የመጨረሻውን ግን ማርታ በዓይኗ እንድታይ አማቴ ቤት ድረስ ልሮጥ ተስማማን። አማቴ የሚኖሩት ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ማርታ ቀድማ ሄዳ ጎደሬ እየቀቀለች ትጠብቀኛለች፤ እኔ አስፋልቱ ላይ ከባጃጅ ወርጄ እሮጣለሁ። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ሰፈር ወደ ሰው ቤት እየሮጠ የሚመጣ ጎልማሳ የሚያመጣው መርዶ ነው።

አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ጋሽ ዳልኬ ከእንሰታቸው መሃል ቀና ብለው አዩኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሰፈሩ የእድር ዳኛ ናቸው።

"የወይዘሮዋ አማች አይደለህ? ማን ሞተ?" አሉኝ።

ማንም አልሞተም ልላቸው ነበር፤ ትንፋሽ ከየት ይምጣ? እጄን አወዛወዝኩ። እሳቸው ሐዘን አንደበቱን ዘግቶታል ብለው ዶማቸውን ጥለው ተከተሉኝ። ከሚቀጥለው ደጅ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተቀላቀሉ። ዞር ስል ሃያ የሚሆን ሰው ከኋላዬ ይሮጣል፤ ገሚሱ ማልቀስ ጀምሯል። ለማን እንደሚያለቅሱ እኮ አያውቁም።

እዚህ ላይ ደህና ሰው ቢሆን ቆሞ ያስረዳ ነበር። አማቴ ደግሞ ደም ግፊት አለባቸው፤ አውቃለሁ። ግን ስልኬ ስድስት ደቂቃ ቀርቶሃል አለኝ፣ የዶሮ ቤቱም ትዝ አለኝ። አማትን በኋላ ማጽናናት ይቻላል ብዬ ቀጠልኩ። እያፈርኩ ነው የምነግራችሁ።

አማቴ ወጥተው ሕዝቡን ሲያዩ ራሳቸውን ይዘው ጮኹ። ማርታም የእናቷን ጩኸት ሰምታ ጮኸች። ይሄኔ ስልኬ ጭብጨባ አሰምቶ ፕሮግራሙን መጨረሴን አበሰረኝ፤ እኔም ሣሩ ላይ ተዘረርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ።

ነገሩ መጀመሪያ የገባት ማርታ ናት። እየሳቀች ለሁሉም አስረዳች፣ አማቴም ቀልባቸው ተመለሰ። ለቀስተኛው ለእኔ የተቀቀለውን ጎደሬ በላልኝ። ያልሳቁት ጋሽ ዳልኬ ብቻ ናቸው። በፕላስቲክ ጫማ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሮጠው ትንፋሻቸው እንኳ አልተቆራረጠም።

"ይቺን ነው ዘጠኝ ሳምንት የተማርከው?" ብለው አዩኝ። ከዚያ ወሬው ይኼኔ ወንዝ መሻገሩን፣ የእድሩ ድንኳን መውጣቱን፣ ገበያ የሄደው ሰው ሳይቀር እየተመለሰ መሆኑን ነገሩኝና ሄጄ በየደጁ እንዳስተባብል አዘዙኝ።

"እሺ ጋሼ፣ ቀስ እያልኩ ሄጄ እነግራቸዋለሁ" አልኳቸው።

"ቀስ እያልክ? እየሮጥክ ስታልፍ ያየህ ሰው አሁን ስትራመድ ቢያይህ ያምንሃል? ሬሳ ሊደብቀን ነው ይላል እንጂ! ተነስ፣ ሩጥ።"

ታድነኝ እንደሆን ብዬ ማርታን አየኋት። ስልኬን ከሣሩ ላይ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣

"አደራ፣ ጀምረህ እንዳትተወው" አለችኝ።