ጋሽ ሰይድ ማሽን የፈቱ ዕለት

የጎረቤት ድምፅ አላስቀምጥ አለን እያላችሁ የምታማርሩ ሰዎች፣ እስቲ ጎረቤታችሁ አንድ ቀን ጭጭ ይበልላችሁና ልያችሁ። መጀመሪያ «ተመስገን» ትላላችሁ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ጆሯችሁ ይቀሰራል። ሰዓቱ ሲገፋማ «ኧረ እነዚያ ሰዎች ምን ነካቸው?» ብላችሁ አጥር ላይ ትንጠለጠላላችሁ። ሰው ሲባል እንዲህ ነው፤ ሲረብሹት ይቆጣል፣ ሲተዉት ይሰጋል።

በደርግ ጊዜ ጭድ ተራ አጠገብ እኖርበት በነበረው ግቢ፣ ድምፅ ማለት የጋሽ ሰይድ የልብስ ስፌት ማሽን ነበር። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ የሚል አዛውንት ልብስ ሰፊ ናቸው። ማሽኑ ከማለዳ ጀምሮ ሲንጣጣ ይውላል። በጭቃ ግድግዳ የሚዋሰኗቸው ጎጃሜዋ እትዬ ብዙነሽ ደግሞ ጥጥ እየፈተሉ ያዳምጡታል። ማዳመጥ ስላችሁ እንደ ዘፈን አይደለም፣ እንደ ዘበኛ ነው። የጋሽ ሰይድ ሚስት ልትሞት ስትል የእትዬ ብዙነሽን እጅ ይዛ «አደራሽን ብዙነሽ፣ ጆሮሽን ከሱ አታንሺ» ብላቸው ነበር። አደራ ደግሞ የሰማይ ርቀት፣ የምድር ክብደት አለው።

አንድ ቀን ታዲያ ማሽኑ ቀጥ አለ። እትዬ ብዙነሽ በግድግዳው ተጣሩ፤ መልስ የለም። ደገሙ፤ የለም። ከዚያ በኋላማ ኡኡታቸው እስከ አማኑኤል ሳይሰማ አልቀረም። ግቢው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ አብዮት ጠባቂውም ጠመንጃውን አንግቶ ከተፍ አለ። በሩን ገፍተን ብንገባ ጋሽ ሰይድ መሬት ላይ ቁጭ ብለው የተበጠሰ የማሽን ጠፍር በወስፌ እየሰፉ ነው። «ምነው፣ ማን ሞተ?» አሉን።

አብዮት ጠባቂው አልሳቀም። «እማማ፣ ሁለተኛ እንዲህ ሕዝብ ቢያሸብሩ ይጠየቃሉ» አላቸውና ሄደ። በዚያ ዘመን ሊጠየቅ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ሁላችንም እናውቅ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አላቸው።

ይሄኔ ነው እኔ ሊቁ ብቅ ያልኩት። መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የምጽፍ ሰው ነኝና ደንብ ማውጣት ያምረኛል። ሁለቱንም አስቀመጥኩና «ጋሽ ሰይድ፣ ማሽኑን የሚያቆሙ ከሆነ በዋዜማው ይንገሩ። እርስዎም እትዬ ብዙነሽ፣ ነግረዎት ዝም ካሉ አይጩኹ» አልኩ። ተስማሙ፣ መረቁኝም። በራሴ ኮራሁ!

ቅዳሜ ማታ ጋሽ ሰይድ በደንቡ መሠረት መጡ። «ብዙነሽ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ማሽኑን ፈትቼ ዘይት ላጠጣው ነው። ዝም ቢል እንዳትደነግጪ» አሏቸው። «በጄ ጋሽ ሰይድ።» መቼ እንደሚጨርሱ እሳቸው አልተናገሩም፣ እትዬ ብዙነሽም አልጠየቋቸውም፣ ሊቁም ትዝ አላለው።

እሁድ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ማሽኑ ቆመ። እትዬ ብዙነሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው እንዝርታቸውን ያዙ። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይል ጀመር። «ብረቱን እየቀጠቀጡት ነው» አሉ። እኔም ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ እሰማለሁ። እንዲያውም «እኚህ ሽማግሌ ጉልበታቸው!» ብዬ አደነቅሁ። ኳኳታው እየቆየ ሳሳ፤ ኋላም ተወ። ደንቡ ሠራ አልኩ።

ከቀትር በኋላ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ጋሽ ሰይድ አዛን ከተሰማ ማሽን አይደለም ንጉሥ አያቆማቸውም፤ የውሃ ጀበናቸውን ይዘው ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ሊታጠቡ፣ ወደ ግቢው ቧንቧ ይወጣሉ። እትዬ ብዙነሽ በሩን ሲያዩ፣ ቧንቧውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ፊታቸው ዐመድ መስሎ ወደ እኔ መጡ።

«ማሽኑስ ይፈታ፤ ሶላታቸውም አብሮ ተፈታ?»

«ሥራ ይዟቸው ይሆናላ። ደግሞ ነግረዎታል እኮ፣ ያ አብዮት ጠባቂ…» አልኩ። ያልኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«አንተ ልጅ፣ እኔን ይውሰዱኝ!» አሉና ግቢው መሃል ቆመው ያን ኡኡታቸውን ለቀቁት።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ገነጠልነው። ጋሽ ሰይድ መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ ዘይት ሊያጠጡት የገለበጡት ማሽን ከነብረት እግሩ ቅልጥማቸው ላይ ተጋድሟል። ከንፈራቸው ደርቋል። ብሎን የሚፈቱበት ካቻቢቴ ግን አሁንም እጃቸው ላይ ነው፣ ጩኸት አልወጣ ቢላቸው ግድግዳውን ሲመቱበት የዋሉት።

«ብዙነሽ፣» አሉ በቀጭን ድምፅ፣ «ይህን ሁሉ ሳንኳኳ አልሰማሽኝም?»

«ሰማሁዎ እንጂ! መች ጠፋኝ፣ ሰማሁዎ!» አሉና እትዬ ብዙነሽ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። አብዮት ጠባቂው ሮጦ ደረሰ። እትዬ ብዙነሽን አየ፣ ጋሽ ሰይድን አየ። ጠመንጃውን እኔን አስይዞ የተገነጠለውን በር በአንድ ወገን አነሳና በዚያው ላይ አድርገን ወደ ክሊኒክ ወሰድናቸው።

ክሊኒኩም ወጌሻውም ተረዳድተው ቅልጥማቸው ገጠመ። ከሁለት ወር በኋላ ማሽኑ ዳግም የሚፈታበት ቀን ሲመጣ እኔ ደንቤን አሻሽዬ ጠበቅኋቸው። በራቸው ላይ በኖራ «ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። እትዬ ብዙነሽንም ጠርቼ አስረዳኋቸው፦ «አምስት ሰዓት ካለፈ ይጮኻሉ፤ እስከዚያ ግን ምንም ቢሰሙ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።»

«መጠበቅ ብቻ ነው?»

«መጠበቅ ብቻ።»

«እሱስ ቀላል ነው» አሉና በርጩማቸውን አንስተው ጋሽ ሰይድ ቤት ገቡ። ማሽኑ አጠገብ ተቀመጡ፤ ጋሽ ሰይድ የፈቱትን ብሎን አንድ በአንድ በነጠላቸው ጫፍ እየተቀበሉ ይይዙላቸው ጀመር። ስለ ሟቿ ሲያወሩ፣ ስለ ወሎና ስለ ጎጃም ሲከራከሩ፣ አምስት ሰዓት አለፈ። ስድስትም ሆነ። ያ የለፋሁበት ኖራ በሩ ላይ አፍጥጦ ቀረ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።